መጽሐፍ ቀማሹ

ሥራዬን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ። ቡና ቀማሽ ነኝ። ዲላ ውስጥ፣ ከየቡና ማጠቢያ ጣቢያው ናሙና በሚመጣበት አንድ ቤት፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩ ስኒዎች በማንኪያ እጨልፋለሁ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ስቤ አፌ ውስጥ አዙሬ አዙሬ እተፋለሁ። አዎ፣ እተፋለሁ። ይህን የሰማ እንግዳ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝንልኛል። የወርቃ መንደርን ቡና፣ የአሪቻን ቡና፣ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለትን ቡና ሁሉ ቀምሼ ባልዲ ውስጥ ተፍቼዋለሁ። ልዋጠው ብል በቀን መቶ ስኒ ነው፤ ልቤ ከደረቴ ወጥታ አውቶቡስ ተራ ትደርስ ነበር። ስለዚህ ቀማሽ አይውጥም። ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ ቅጹ ላይ ነጥብ ይሞላል፣ ወደሚቀጥለው ስኒ ያልፋል።

ችግሩ ይህ ነገር ከሥራ ቦታ ተከትሎኝ ቤቴ መግባቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስኒ ስታወዳድሩ ከኖራችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ አቅርበው «እንኩ ውሰዱ» ሲሏችሁ ያማችኋል። ጫማ ልገዛ ወጥቼ ከአምስት ሱቅ አምስት ጫማ ለክቼ በአሮጌው ጫማዬ ተመልሻለሁ። ለሳሎናችን መጋረጃ ሳማርጥ ሁለት ክረምት አለፈና ባለቤቴ ሰላማዊት ራሷ ሄዳ ገዝታ ሰቀለችው፤ እኔ አሁንም ቡናማው ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ሰላማዊት በእንግዳ ፊት ደጋግማ የምትለው ነገር አለ። «እኔን እንዴት እንዳገባኝ እግዜር ይወቀው! ያን ሰሞን የሚያወዳድረኝ ጠፍቶት መሆን አለበት» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሳቁ አልመጣ ብሎኛል፤ ምክንያቱ ደግሞ ጋሽ ጅግሶ ናቸው።

ጋሽ ጅግሶ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ግማሹን ከተማ አስተምረዋል፣ እኔንም ጭምር። ካርታ ሳያዩ በነጭ ጠመኔ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ሰሌዳ ላይ ይደረድሯቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራቸው ማንበብ ሆነ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ መጽሐፍ ሲያልቅባቸው ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘርግተው ያነባሉ፤ ጋዜጣው ከመሃል የተቀደደ እንደሆነ ሱቁ ድረስ ሄደው «የቀረው ግማሽ የት ገባ?» ብለው ባለሱቁን ያፋጥጡታል። ባለሱቁ መጨረሻ ላይ ለእሳቸው ሲሆን ስኳሩን በፌስታል ብቻ መስጠት ጀመረ። ቤታቸው ከእኛ ቤት አራት ግቢ ነው የሚርቀው።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ምሕረት እኛ ቤት መጣች። እሷም እንደ አባቷ አስተማሪ ናት፣ አብራቸው ነው የምትኖረው። ሐዋሳ ሐኪም ዘንድ ወስዳቸው መመለሷ ነበር። ወንበሩ ላይ በደንብ ሳትቀመጥ ነገሩን ጀመረች።

«አባባ ዓይኑ እየሄደ ነው፣ ጋሼ። ሐኪሙ አይመለስም አለን። የታተመ መጽሐፍማ ከፋሲካ ወዲህ አይታየውም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ አይደለም። ስልክ ላይ መደቡን አጥቁረን ፊደሉን ስናተልቅለት ያነባል። ሐኪሙ ምን አለው መሰለህ፤ 'የሚያነቡት ነገር ካለ አሁን ያንብቡ፣ ብዙ አይቆይም' አለው። ከዚያ ጀምሮ ምግብ እንኳ በወጉ አይበላም። ታብሌት ገዝቼለታለሁ። በየወሩ እየተከፈለ መጽሐፍ የሚነበብበት መተግበሪያ አለ፣ የሚደመጥበትም አለ ይላሉ። የትኛውን ልጫንለት? እኔ እንደሆንኩ አላውቅበትም፤ አንተ ደግሞ ሳታወዳድር ምንም አትገዛም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ምስጋና ወሰድኳት። ሰላማዊት ከጎኔ ተቀምጣ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። የጎሸመችኝ እንድተወው መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

«ለእኔ ተይው» አልኳት ምሕረትን። «በሳምንት ውስጥ አሳውቅሻለሁ።»

የመተግበሪያዎቹን ስም አልጠራም፤ እነሱ ምንም አላጠፉም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንዱን ባለ ፊደሉ፣ ሌላውን ባለ ድምፁ እንበላቸው። ባለ ፊደሉ መጽሐፉን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ፊደሉን የፈለጋችሁትን ያህል ማተለቅ ትችላላችሁ። ባለ ድምፁ ተራኪ ቀጥሮ ያስነብባል፤ እናንተ ጋደም ብላችሁ መስማት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የውጭ አገር አገልግሎትም ነበር። ሰማይ የሚያህል ክምችት አለኝ ይላል፤ አማርኛ ብዬ ብጽፍለት ግን የሕፃናት ፊደል መቁጠሪያና አንድ የወጥ አሠራር ዘረገፈልኝ። ቢሆንም ለፍትሕ ስል ከእሱም ሦስት ናሙና ወሰድኩ። ከሁለቱ ከእያንዳንዳቸው አሥር አሥር፣ በጠቅላላው ሃያ ሦስት መጽሐፍ።

ሰላማዊት ስትሰማ «የሁለቱ ክፍያ ተደምሮ ያን ያህል አይደለም፤ ለምን ሁለቱንም አትጭንላቸውም?» አለችኝ።

«ሁለቱንም ከጫንኩ ማወዳደሩ ምን ሊሠራ ነው?» አልኳት።

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅጽ አዘጋጀሁ። ሌላ ቅጽ ስለማላውቅ የቡናውን ነው ያሻሻልኩት። «መዓዛ» በሚለው ቦታ የመክፈቻ ገጹን ውበት መዘንኩ። «ንጽሕና» በሚለው የፊደል ግድፈቱን፣ «አሲድነት» በሚለው የተራኪውን ድምፅ። «አፍ ላይ የሚቀር ጣዕም» የሚለው አስቸግሮኝ ነበር፤ ብዙ አስቤ፣ መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ ልብ ውስጥ የሚቆየው ነገር ብዬ ተረጎምኩት። ይህን ለማወቅ መጽሐፉን መጨረስ እንደሚያስፈልግ ያኔ አልታየኝም። «ጉድለት» በሚለው ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሆነውን ሞላሁ። መብራት ሲጠፋ ለሚሆነው ግን ነጥብ አልቀነስኩም፤ እሱ የመተግበሪያዎቹ ጥፋት አይደለም።

የመጀመሪያው ቅምሻ በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋሽ ጅግሶ በረንዳ ላይ ተካሄደ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ጠበቁኝ። የማይጠቅማቸውን መነጽር እንኳ ከደረት ኪሳቸው አልለዩትም። በእኛ ሙያ ቀማሹ ናሙናው የማን እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ ኮድ ብቻ ነው የሚሰጠው። እኔም ለየመተግበሪያው ኮድ አውጥቼ፣ ታብሌቱን በፎጣ ሸፍኜ ነበር የቀረብኩት።

«መምህር፣ ሲጀመር ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አልኳቸው።

«ዓይን መጨፈኑን አንቸኩልበት፣ ልጄ» አሉኝ። «እሱ ራሱ እየመጣ ነው።»

ምሕረት ፊቷን ወደ እንሰቱ አዞረች። እኔ ፎጣውን አስተካከልኩ። አንድ አእምሮ ያለው ሰው እዚያው ላይ ቅጹን ቀዶ ይጥል ነበር፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ናሙና ከፈትኩ። የባለ ድምፁ ነበር። አንድ ሰው በዝናብ ተደብድቦ የአንድ ነጋዴ ቤት በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። ውስጥ መብራት አለ፣ ድምፅ ግን የለም። አምስት ደቂቃ ሲሞላ አጠፋሁት።

«እንዴ! ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ጅግሶ።

«ነጥብ ይስጡ፣ መምህር። ከመቶ።»

«ሰውየው እኮ በር ላይ ቆሟል! ማን ሊከፍትለት ነው?»

«እሱን እንተወው። ቀጣይ ናሙና አለ።»

በሁለት ናሙና መካከል ቀማሽ አፉን በውሃ ይጉመጠመጣል። ጆሮ በምን እንደሚጉመጠመጥ አሰብኩና ሦስት ደቂቃ ዝም ማለት ይበቃል ብዬ ወሰንኩ። ሦስታችንም በረንዳ ላይ ተቀምጠን የባጃጅ ጩኸት አዳመጥን። አንድ ጎረቤት በአጥር በኩል ብቅ ብሎ «ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ለቅሶ መስሎት ነው።

አራተኛው ናሙና ላይ ተራኪው ባለታሪኩን በማለዳ ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ በመኪና ያወርደዋል። «ፀሐይ በግራው መስኮት ብቅ አለች» ሲል ጋሽ ጅግሶ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«በቀኝ!» አሉ። «ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ ስትመጣ ፊትህ ወደ ሰሜን ነው፤ ምሥራቅ በቀኝህ ነው። ይህ ሰውዬ ወይ መንገዱን አያውቀውም፣ ወይ ወንበሩ ላይ ተገላብጦ ነው የተቀመጠው!»

የደራሲው ስልክ ይፈለግልኝ አሉ። ነጥብ ይስጡ ስላቸው ዜሮ ሰጡት፤ ተማሪያቸው ቢሆን ኖሮ ወላጅ ያስመጡት ነበር። ትንሽ ቆየት ብለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ ቀጥልበት። ዲላ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ልስማ» አሉኝ። ደቂቃው አልቆ ስለነበር አልቀጠልኩበትም።

ሳምንቱ አለቀ። መተግበሪያዎቹ ለአዲስ ሰው የሚሰጡት የሰባት ቀን ነጻ ሙከራም አለቀ፤ ቅጹ ግን ገና ግማሽ ላይ ነበር። ከፍሎ መቀጠል ከውጤት በፊት አሸናፊ ማወጅ መሰለኝ። ስለዚህ በሰላማዊት ስልክ ቁጥር እንደ አዲስ ተመዘገብኩ። እሱም ሲያልቅ በአማቴ፣ የአማቴም ሲያልቅ በመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ቁጥር። መተግበሪያው አዲስ ሰው ባየ ቁጥር የነበርንበትን ገጽ ይረሳል፣ ያተለቅነውን ፊደል ይመልሰዋል፤ እኛም ሀ ብለን እንጀምራለን። ፊደል ያልቆጠሩት አማቴ ደግሞ በየጠዋቱ «ውድ አንባቢያችን፣ ናፍቀውናል» የሚል መልእክት ይደርሳቸው ጀመር። በሰው አስነብበው ሲያበቁ፣ በዚህ ዕድሜያቸው የናፈቃቸው ማን እንደሆነ እንዲጣራላቸው ቤተሰብ ሰበሰቡ። ያን ለማስረዳት አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀብኝ። እስካሁንም በሙሉ ልባቸው ያመኑኝ አይመስለኝም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለጓደኞቼ አውርቼ አስቄያቸዋለሁ። የሚከተለውን ግን ለማንም አላወራም።

አምስተኛው ቅዳሜ የባለ ፊደሉ ተራ ነበር። ገጹን አጠቆርኩት፣ ፊደሉን ነጭ አድርጌ አውራ ጣት እስኪያህል አተለቅኩት። አንድ ገጽ አራት መስመር ብቻ ነው የሚይዘው። ጋሽ ጅግሶ ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ ራቅ አደረጉት፣ እንደገና አስጠጉት። ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። ጮክ ብለው፣ በዚያ በክፍል ድምፃቸው፣ የኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋ ተማሪ በሚቀሰቅሰው ድምፃቸው። አውቶቡስ ስላመለጣት ሴት የሚተርክ ነበር። አራት መስመር አነበቡ፣ ገለጡ፣ ሌላ አራት አነበቡ። ምሕረት እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ከጓዳ ወጥታ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች። አባቷ ጮክ ብለው ሲያነቡ ከሰማች አምስት ወር አልፏት ነበር።

ስልኬ ላይ የሞላሁት የአምስት ደቂቃ ደወል ጮኸ።

«ይኼኛው ነው» አሉ ጋሽ ጅግሶ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ሌላውን ተወው፣ ልጄ። ይኼኛውን እዚሁ ተውልኝ።»

ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«መምህር፣ ገና አልጨረስንም። ባለ ድምፁ ሁለት ዙር ይቀረዋል። ካሁኑ ከወደዱት ውጤቱ ይዛባል።»

ምነው ያን ቀን በተቆጡኝ! ምነው ታብሌቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ሂድ ከዚህ» ባሉኝ! ግን ጋሽ ጅግሶ ዕድሜ ልካቸውን የፈተና ሕግ ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደወል ከተደወለ በኋላ አንዲት ቃል የጨመረ ተማሪ ወረቀቱን ይነጠቅ ነበር። አውራ ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ ቀስ ብለው አነሡና ታብሌቱን መለሱልኝ።

«ሕጉ እንደዚያ ከሆነ እሺ» አሉ።

ምሕረት ሳትከራከረኝ ወደ እጥበቷ ተመለሰች። በኋላ ስትነግረኝ፣ ጋሼ ያውቃል፣ ትልቅ ሰውን ምን እለዋለሁ ብላ ነው። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ፣ በመሃል ከፍተው እንዳያነቡበት ሰጋሁ። ምሕረት ለአባቷ በራሷ ደመወዝ የገዛችውን ታብሌት፣ ናሙና እንደምናሽገው በፌስታል ጠቅልዬ፣ ላዩ ላይ ኮድ ጽፌ ይዤው ሄድኩ። የሚያነቡበት ብርሃን እየጠበበ መሆኑን አውቃለሁ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ጊዜ ያለ መሰለኝ። ይህን ያደረግኩት ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሳስታውሰው ፊቴ ይቃጠላል።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አቶ ወራሳ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ያዙኝ። አቶ ወራሳ ወናጎ አካባቢ ቡና ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ ከጋሽ ጅግሶ ጋር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው። ገበሬ በር ላይ ሲይዘኝ ስለ ነጥብ ሊያናግረኝ ነው፤ ስለዚህ ፊቴን ኮስተር አደረግኩ።

«መጽሐፉን ያመጣኸው አንተ ነህ አሉ» አሉኝ።

«የቱን መጽሐፍ?»

«ያ ጅግሶ የሚያወራልንን ነዋ! ያቺ ልጅ ምን ሆነች? አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ። ከዚያ በዝናብ መጥታ ነጋዴው ቤት አንኳኳች። ነጋዴው ከፈተላት ወይስ አልከፈተም? እኛ እኮ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ቁጭ ብለን እየጠበቅን ነው። ጅግሶ ገና እዚያ አልደረስኩም ይላል።»

ቆሜ አሰብኩ። አውቶቡስ ያመለጣት ሴት የባለ ፊደሉ ናት። በዝናብ የሚያንኳኳው ሰው የባለ ድምፁ ነው። ሁለቱ በሕይወታቸው ተገናኝተው አያውቁም። ጋሽ ጅግሶ መጨረሻቸውን የነፈግኳቸውን መጽሐፎች በሙሉ አንዱን ከሌላው እየሰፉ ለራሳቸው አንድ መጽሐፍ አበጅተዋል፤ እሱንም ለጓደኞቻቸው በየእሑዱ እያካፈሉ ነው። ይህ የሚያሳፍር መሆኑ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ያን ቀን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የታየኝ ሌላ ነው። ናሙናዎቹ ተደባልቀውብኛል ብዬ ተናደድኩ።

«መጽሐፉ ገና አላለቀም» አልኳቸው።

«ታዲያ ጨርስለት እንጂ!» አሉ አቶ ወራሳ። «ሰውየው እኮ እየመሸበት ነው።»

ልጨርስ ነበር። ግን ቡናው ደረሰ። ጥቅምት ከገባ ወዲያ ናሙና በየቀኑ ይጎርፋል፤ ቅዳሜ የሚባል ቀን ከሕይወቴ ይወጣል። በዚያ ላይ ይርጋጨፌ ለሥራ ተላክሁና እዚያው ሳምንታት ቆየሁ። ታብሌቱም አብሮኝ ሄደ፤ ሻንጣዬ ውስጥ፣ በልብስ መሃል፣ እንደታሸገ። ምሕረት አንድ ጊዜ ደውላ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ምርቱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ታብሌቱ ሳታነሣ ደህና ሁን ብላ ዘጋች። ሰላማዊት ግን እንዲህ ዓይነት ይሉኝታ የላትም።

«ያ ታብሌት የት ነው ያለው?» አለችኝ በስልክ።

«እኔ ዘንድ ነው። ምን ይሆናል?»

«ሰውየው መጽሐፍ ነው የጠየቁህ። አንተ ፈተና ላይ አስቀምጠሃቸዋል!»

«ይህች ምርት ትለፍ እንጂ፣ ሁለት ዙር ብቻ ነው የቀረኝ።»

«እግዜር ይይልህ» ብላ ዘጋችብኝ።

የቀሩትን ሁለት ዙሮች ይርጋጨፌ ባረፍኩበት ቤት ብቻዬን ቀመስኩ። ታኅሣሥ ላይ ውጤቱ ተጠናቀቀ። ባለ ፊደሉ ሰማንያ ስድስት ከግማሽ፣ ባለ ድምፁ ሰማንያ አራት፤ የውጭ አገሩ ለውድድር እንኳ አልበቃም። ቅጹን በንጹሕ ገልብጬ ፈረምኩበት። ባለ ፊደሉንም እዚያው ለአንድ ዓመት ከፈልኩበት። ምን ያህል በራሴ እንደኮራሁ ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። አውቶቡስ ላይ ከጎኔ ለተቀመጠው ለማላውቀው ሰው ሳይቀር ነጥቡን በዝርዝር አስረድቼዋለሁ፤ ምስኪኑ ወናጎ ሲደርስ ወረደ፣ ትኬቱ ግን የዲላ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ጋሽ ጅግሶ ጋ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ምሕረት አጠገባቸው ደብተር ታርማለች። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«መምህር፣ ውጤቱ ወጣ!» አልኩና ታብሌቱን ከፌስታሉ አወጣሁ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት፣ አውቶቡስ ያመለጣትን ሴት ታሪክ ከፈትኩ፣ ፊደሉን አተለቅኩና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ወደ ፊታቸው አስጠጉት። አራቁት። ወደ ጎን አዘንብለው አዩት። ብዙ ቆዩ።

«አብራው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

በርቶ ነበር። የፊደሉ ብርሃን አገጫቸው ላይ ይታየኛል።

ቀና ብዬ ምሕረትን አየኋት። እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ አስቀምጣለች። «ሁለት ሳምንቱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ልደውልልህ ነበር። ቡና ላይ ነው፣ እንዳታስጨንቂው ብሎ አባባ ከለከለኝ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ወር ተኩል። ለሦስት ወር ተኩል በየቀኑ ማንበብ ይችሉ ነበር። በቀን አሥር ገጽ እንበል፣ አምስት ገጽ እንበል፤ በዚያ ፍጥነት ስንት መጽሐፍ ያልቅ እንደነበር ማስላት ጀመርኩና ተውኩት። የመጨረሻ ንባባቸው የአምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ በደወል አቋርጫቸዋለሁ።

«ሁለታችሁም ዝም አላችሁ» አሉ ጋሽ ጅግሶ። «በርቷል ማለት ነው።» መስታወቱን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ይሁን እንግዲህ። ታዲያ ማን አሸነፈ?»

ቅጹ እጄ ላይ ነበር። ሰማንያ ስድስት ከግማሽ ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ከነፊርማው።

«ባለ ድምፁ» አልኳቸው። «ባለ ድምፁ ነው ያሸነፈው፣ መምህር። አሁኑኑ እጭንልዎታለሁ።»

«በስንት?»

«በሰማንያ ስምንት። ባለ ፊደሉ ሰማንያ ስድስት ከግማሽ ነው ያመጣው።»

ጋሽ ጅግሶ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ፤ ዓይናቸው ግን ትከሻዬን አልፎ ሌላ ቦታ ነበር ያረፈው። ፈገግ አሉ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ውጤት ስሞላ ኖሬያለሁ» አሉኝ። «ሰው ነጥብ ጨምሮ ሲያነብ ድምፁ ይነግረኛል። ለማን ነው የጨመርክለት? ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ይኼኛውም ውሸት ነበር። የጨመርኩት ለራሴ ነው።